ሴልቲክስ ወይስ ኒክስ? ከመክፈቻው ጨዋታ በፊት የሁለቱን ስብስብ እንያቸው

ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 8፡30 ላይ አዲሱ የኤንቢኤ የውድድር ዘመን ቦስተን ውስጥ ይጀመራል። መጀመሪያ የሴልቲክስ ተጫዋቾች የሻምፒዮንነት ቀለበታቸውን ይወስዳሉ፣ 18ኛው ባነር ጣሪያው ላይ ይሰቀላል፣ ኒክሶች ደግሞ ቆመው ያያሉ። ከዛ ኳሱ ይወረወራል። አላርም ለመሙላት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦስተንና ኒውዮርክ ሊጉ በ1946 ሲመሰረት ጀምሮ ከተማ ሳይቀይሩ የቆዩ ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ፉክክሩ ግን በዋንጫ ከተቆጠረ ፉክክር አይባልም፤ 18 ለ 2 ነው። ኒክስ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ የበላው በ1973 ነው፣ የምስራቁን ፍጻሜ እንኳ ከ2000 ወዲህ እስከ 2024 ድረስ አላየውም ነበር። ባለፈው ዓመት መደበኛ ጨዋታዎች ላይ ሁለቱ አምስት ጊዜ ተገናኝተው ሴልቲክስ አራቱን ወስዷል። እና ኒክሶች ክረምቱን ሙሉ የሰሩት ስራ በቀጥታ ቦስተንን ታስቦ የተሰራ ነው ብንል አልተጋነነም።

ከሻምፒዮኖቹ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ የሚወራ የለም። ሴልቲክስ ምንም አልቀየረም። 64 አሸንፎ 18 ተሸንፎ፣ ፕሌይኦፉን 16 ለ 3 ጨርሶ፣ ዳላስን 4 ለ 1 የረታው ቡድን እንዳለ ተመልሷል። ጄሰን ቴተም በሐምሌ ወር የአምስት ዓመት 314 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል፤ በወቅቱ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ነው። የፍጻሜው ኮከብ ጄይለን ብራውን ውሉን ቀድሞ ጨርሷል። ዴሪክ ዋይትና ሳም ሃውዘርም አራዝመዋል። ጁሩ ሆሊደይ አለ፣ ሽማግሌው አል ሆርፎርድ በ38 ዓመቱ አለ፣ ፍጻሜው ላይ ከሜዳው አጋማሽ ወርውሮ ሁለቴ ያስገባው ፔይተን ፕሪቻርድም ከቤንች ይነሳል።

የጎደለው አንድ ሰው ነው፦ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ። 7 ጫማ ከ2 ኢንች የሆነው ላትቪያዊ በሰኔ የግራ እግሩን ቀዶ ጥገና አድርጎ ለወራት ከሜዳ ውጪ ነው። እሱ ከሌለ ቋሚው ሴንተር ሆርፎርድ ይሆናል፣ የ38 ዓመት ሰው ደግሞ በተከታታይ ሌሊት አይጫወትም። ከኋላው ሉክ ኮርኔትና ኒሚያስ ኬታ ናቸው ያሉት። ሴልቲክስ ላይ ቀዳዳ ከተፈለገ በቃ እዚህ ጋር ነው።

አሁን ወደ ኒውዮርክ፣ ወሬው የሞላው እዛ ነው።

ባለፈው ዓመት ኒክስ 50 ጨዋታ አሸንፎ የምስራቁ ሁለተኛ ሆኖ ነበር። ፕሌይኦፍ ላይ ግን ቡድኑ ሆስፒታል መሰለ። ጁሊየስ ራንድል ከጥር ጀምሮ በትከሻ ጉዳት የለም፣ ሚቸል ሮቢንሰን ቁርጭምጭሚቱ፣ ኦጂ አኑኖቢ የጭኑ ጡንቻ፤ በኢንዲያናው ሰባተኛ ጨዋታ ደግሞ ጄይለን ብራንሰን ራሱ እጁ ተሰበረ። ያም ሆኖ ሰባተኛ ጨዋታ ድረስ ሄደዋል። ስለዚህ አመራሩ “ጤነኛ ብንሆን የት እንደርስ ነበር?” ብሎ ኪሱን ገለበጠ።

መጀመሪያ ሚካል ብሪጅስን ከብሩክሊን አመጡ፤ ዋጋው ሌላ ነገሩን ትተን አምስት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ ነው። ለአንድም ጊዜ ኦልስታር ሆኖ ለማያውቅ ሰው ይሄ ብዙ ነው፣ ግን ሰውየው ኤንቢኤ ከገባ ጀምሮ 474 ጨዋታ በተከታታይ ተጫውቷል፣ አንድም ቀን አልቀረም። በጉዳት ለወደቀ ቡድን ይሄን ያህል የሚማርክ ቁጥር የለም። አኑኖቢ በ212.5 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት ቆየ። ይሄም ምክንያት አለው፦ ባለፈው ዓመት እሱ የተሰለፈባቸው 23 መደበኛ ጨዋታዎች ላይ ኒክስ 20 አሸንፏል።

ከዛ ልምምድ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ያልተጠበቀው መጣ። ራንድልና ዶንቴ ዲቪንቼንዞ ወደ ሚኒሶታ፣ ካርል-አንቶኒ ታውንስ ወደ ኒውዮርክ። ይሄኛውን ለመረዳት ሴንተሮቹን ማየት ይበቃል። ኢሳያህ ሃርተንስታይን በ87 ሚሊዮን ዶላር ወደ ኦክላሆማ ሄዷል፣ ሮቢንሰን ዓመቱን ከሜዳ ውጪ ነው የሚጀምረው። ቡድኑ ያለ ረጅም ሰው ሊቀር ነበር። ታውንስ ደግሞ ተራ ረጅም ሰው አይደለም፦ በ2022 የኦልስታር የሶስት ነጥብ ውድድር ያሸነፈ ሴንተር ነው፣ ባለፈው ዓመትም ከሩቅ ከወረወረው ከመቶ 41 በላይ አስገብቷል።

በነገራችን ላይ ታውንስና ፖርዚንጊስ የአንድ ዓመት ድራፍት ልጆች ናቸው፣ 2015። ታውንስ አንደኛ፣ ፖርዚንጊስ አራተኛ። ፖርዚንጊስን የመረጠው ማን መሰላችሁ? ኒክስ። ያን ቀን የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት።

ይሄን ሁሉ ኮከብ እንዴት አንድ ላይ ቻሉት ለምትሉ፣ መልሱ ብራንሰን ነው። አንድ ዓመት ቢጠብቅ 269 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊፈርም ይችል የነበረው ሰው አሁኑኑ በ156.5 ሚሊዮን ፈረመ። ወደ 113 ሚሊዮን ዶላር ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ ማለት ነው። የሊጉ አዲሱ ህግ የወጪ ሁለተኛ ጣሪያን (በ2024-25 188.9 ሚሊዮን ዶላር የነበረውን) ያለፈ ቡድንን እጁን ያስረዋል፦ ለምሳሌ የሁለት ተጫዋች ደመወዝ ደምሮ በአንድ ውድ ተጫዋች መቀየር አይችልም። ሴልቲክስ ጣሪያውን አልፏል፣ ኒክስ ከስሩ ነው። ቦስተን ይሄን ስብስብ ለብዙ ዓመት ይዞ መቆየት የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ባለቤቶቹም በሐምሌ ቡድኑን እንደሚሸጡ አስታውቀዋል።

ታዲያ ሜዳ ላይ ሲገናኙስ?

ቋሚ አምስቱን ብቻ ካየን ልዩነቱ ጠቧል። ቴተምና ብራውንን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች፣ አኑኖቢና ብሪጅስ፣ በሊጉ ካሉት ጥሩዎቹ ናቸው። ታውንስ ከሩቅ ስለሚወረውር ሆርፎርድን ከቅርጫቱ ስር ጎትቶ ያወጣዋል፣ ያኔ ለብራንሰን መንገዱ ይከፈታል። ባለፈው ዓመት በጨዋታ 28.7 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ባዶ መንገድ ካገኘ ጉድ ነው።

ግን ቦስተንም ዝም ብሎ አያይም። ብራንሰንን የሚይዙት ዋይትና ሆሊደይ ሁለቱም ባለፈው ዓመት በሊጉ ምርጥ ተከላካዮች ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ገብተዋል፣ ከቴተም ጋርም ከፓሪስ ኦሎምፒክ ወርቅ ይዘው ነው የመጡት። ጆሽ ሃርትን ደግሞ እንዲወረውር ይለቁታል ብለን እንጠብቃለን፤ ባለፈው ዓመት ከሩቅ ያስገባው ከመቶ 31 ነው። ሃርት 6 ጫማ ከ4 ሆኖ በጨዋታ ከ8 በላይ ሪባውንድ የሚለቅም ጉደኛ ነው፣ ግን ተከላካዩ እሱን ትቶ ሌላውን ካገዘ የታውንስ ጥቅም ግማሹ ይጠፋል። በሌላው በኩል ሴልቲክስ በጨዋታ ከ42 በላይ የሶስት ነጥብ ይወረውራል፣ አምስቱም ያስገባሉ። ታውንስ ራሱ ከቅርጫቱ ርቆ መከላከል አለበት፣ እሱ ደግሞ ጠንካራ ጎኑ አይደለም።

ትልቁ ልዩነት ቤንቹ ነው። ቦስተን ፕሪቻርድንና ሃውዘርን ያስገባል፣ ፖርዚንጊስ ሲመለስ ሆርፎርድም ይጨመራል። ኒክስ ግን ዲቪንቼንዞንና ሃርተንስታይንን አጥቶ ማይልስ ማክብራይድና ካሜሮን ፔይን ላይ ተንጠልጥሏል። በ2024 አሰልጣኙ የነበረው ቶም ቲቦዶ ደግሞ ቋሚዎቹን እስኪደክሙ በማጫወት የታወቀ ሰው ነው (በ2008 ቦስተን ዋንጫ ሲበላ ረዳት አሰልጣኝ እዛው ነበር)። ባለፈው ፕሌይኦፍ ሃርት ሙሉ 48 ደቂቃ የተጫወተበት ቀን አንድ አይደለም። በጉዳት የተቀጣ ቡድን ቤንቹን አሳንሶ ለቲቦዶ መስጠቱ እኛን ያሳስበናል።

ለመክፈቻው ሴልቲክስ ያሸንፋል እንላለን። ለዓመቱም ቦስተን ቀዳሚ ነው፣ ምንም እንኳ ያለፉት ስድስት ዓመታት ስድስት የተለያዩ ሻምፒዮን ቢያሳዩንና ሴልቲክስ ራሱ በተከታታይ ከበላ ከ1969 ወዲህ ቢሆነውም። ኒክስን ለመዳኘት ግን ፌብሩዋሪ 6ን ጠብቁ፤ የዝውውር መስኮቱ ያኔ ይዘጋል፣ ቤንቹን ካጠናከሩም እስከዛ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ ሁለቱ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ እንደገና ይገናኛሉ።