ወንፊትና ቃል፤ ስለ ግሬፕ አነሣሥ አጭር ሐተታ

ምስር ወጥ ከመሠራቱ በፊት ምስሩ ይለቀማል። እናቶቻችን ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠጠሩን ከፍሬው ሲለዩ ዓይናቸው የሚፈልገውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ጣታቸው ይከተላል። ጽሑፍም እንዲሁ ይለቀማል። ከዐሥር ሺህ መስመር መካከል አንዲት ቃል ያለችበትን መስመር ብቻ አውጡ ብንባል ምን እናደርጋለን? ድሮ መልሱ አንድ ነበር፤ ዓይናችን እስኪፈዝ እናነባለን። ዛሬ «ግሬፕ» የምትባለዋን አጭር ትእዛዝ ጽፈን፣ ቃሏንና የፋይሉን ስም አስከትለን ቁልፉን እንጫናለን፤ መስመሮቹም ወዲያው ይደረደራሉ።

ታዲያ ይሄ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፣ እኛን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ምን አገባን የሚል አይጠፋም። አገባን እንጂ! የዚህች መሣሪያ አነሣሥ «ይህን ጽሑፍ የጻፈው ማነው?» ከሚል ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነውና። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1787 እና በ1788 በኒው ዮርክ ጋዜጦች ላይ «ፑብልየስ» በሚል የብዕር ስም ተከታታይ ጽሑፎች ይወጡ ነበር። ዓላማቸው የኒው ዮርክ ሕዝብ አዲሱን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲደግፍ ማሳመን ነው። ጽሑፎቹ በጠቅላላው 85 ሲሆኑ ጸሐፊዎቹም ሦስት ናቸው፤ አሌክሳንደር ሐሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ። ሐሚልተን በ1804 ከሞተ በኋላ ግን 12ቱን ማን ጻፋቸው የሚል ክርክር ተነሣ። የሐሚልተን ዝርዝር የሚለው ሌላ፣ የማዲሰን ዝርዝር የሚለው ሌላ። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ።

ፍሬድሪክ ሞስቴለርና ዴቪድ ዋላስ የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ምሁራን በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ መልሱን በትናንሽ ቃላት ውስጥ ፈለጉት። ትልልቆቹን፣ «ነፃነት»ንና «ጦርነት»ን የመሳሰሉትን ቃላት ማንም እንደ ርእሱ ያነሣቸዋል። ጸሐፊውን የሚያሳብቁት ሳያስብባቸው የሚጥላቸው ጥቃቅኖቹ ናቸው። «አፖን» የምትለዋን፣ በእኛ «በላይ» የሚሆነውን ቃል፣ ሐሚልተን ከሺህ ቃል ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይጠቀምባታል፤ ማዲሰን ግን እምብዛም አይነካትም። ድምዳሜው 12ቱን ለማዲሰን የሚሰጥ ሆነ። ቆጠራው ሲጀመር ግን ቃላቱ በረዥም ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ተጽፈው፣ በመቀስ ተቆርጠው፣ በእጅ ይደረደሩ ነበር። አንድ ሰው በረዥሙ የተነፈሰ እንደሆነ የስንት ሰዓት ድካም በክፍሉ ውስጥ ይበተናል።

አሁን ወደ ኒው ጀርሲ እንሻገር። በመሪ ሂል ከተማ ባለው የቤል የምርምር ተቋም በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት መሥራት ጀመሩ። እዚያው ባልደረባቸው የነበረው ሊ ማክማሆን እነዚያን 85 ጽሑፎች በኮምፒዩተር ለመመርመር ፈለገ። ጽሑፎቹ ተደምረው ከአንድ ሚሊዮን ፊደል ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ለዛሬ ስልክ ኢምንት ነው። የዚያን ጊዜው «ኢዲ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ግን ይህን ሁሉ መሸከም አልቻለም። በኢዲ ውስጥ «ጂ/አር ኢ/ፒ» የሚል ትእዛዝ ነበር፤ «ጂ» በመላው ጽሑፍ፣ «አር ኢ» ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ማለት የሚፈለገው የቃል ቅርጽ፣ «ፒ» አትም ማለት ነው። ቶምሰን ይህን አንድ ትእዛዝ ከኢዲ ሆድ አውጥቶ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አደረገው። ፕሮግራሙ ጽሑፉን በሙሉ አይሸከምም፤ አንድ መስመር ያነባል፣ ይመረምራል፣ ያሳልፋል ወይም ይጥላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስሙም ከትእዛዙ ተወረሰና «ግሬፕ» ተባለ። ይህን ታሪክ የነገረን በዚያው ተቋም የሠራው ብራያን ከርኒሃን ነው።

ሌላም አተራረክ አለ። የክፍሉ ኃላፊ ዳግ ማክኢልሮይ እንደሚለው፣ በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልግ መሣሪያ ቢኖር ብሎ ጠየቀ፤ ቶምሰንም አድሬ ልምጣ አለና በማግሥቱ ይዞ ቀረበ። ፕሮግራሙ ግን በዚያች ሌሊት የተጻፈ አልነበረም፤ ቶምሰን ለግሉ ሲጠቀምበት የቆየ ነው፤ ሌሊቱ ለማጽጃ ነበር። በእኛ አስተያየት ሁለቱ አተራረኮች አይጣሉም። ሁለቱም የሚሉት መሣሪያ ከሥራ ይወለዳል ነው። በ1973 ግሬፕ በዩኒክስ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ሐሳቡ ግን ከቶምሰንም ይቀድማል። በ1943 ማክካሎክና ፒትስ የአንጎልን ሕዋሳት በሎጂክ ለመግለጽ ሞከሩ። በ1951 የሒሳቡ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ የእነሱን ሥራ ሲመረምር የቅርጾችን ሒሳብ ቀመረ፤ «ይህ ወይም ያ»፣ «ይህ ቀጥሎ ያ»፣ «ይህ የፈለገውን ያህል ተደጋግሞ» በሚሉ ሦስት መንገዶች። ቶምሰን በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሒሳብ ለጽሑፍ ፍለጋ አዋለው። ስለ አንጎል የተጀመረ ጥያቄ የቃል ወንፊት ሆኖ አረፈ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በዛ። ማክኢልሮይ ፕሮግራሞች እንደ ውኃ ጎማ ጫፍ ለጫፍ ይገጣጠሙ ብሎ በ1964 የጻፈው ሐሳብ በ1973 በዩኒክስ ተግባር ላይ ዋለ፤ አንዱ የለቀመውን ሌላው ይቆጥረዋል። ማክማሆን መስመር የሚለውጠውን «ሴድ»ን ጻፈ። በ1977 አሆ፣ ዋይንበርገርና ከርኒሃን በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት የተሰየመውን «ኦክ»ን ሠሩ። በዚያው ዓመት ቦየርና ሙር አንድ ብልሃት አሳተሙ። «ነፃነት»ን ስንፈልግ በመጀመሪያ አራተኛውን ፊደል እንይ፤ እዚያ «ብ» ከተገኘ፣ «ብ» በቃሉ ውስጥ ስለሌለች አራቱንም ባንዴ እንዘላለን። በ1988 ማይክ ሄርተል የጻፈው የግኑ ግሬፕ ፍጥነቱን ያገኘው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ሁሉን ባለማየት መፍጠን!

እኛስ? ያው ቶምሰን በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር አንድ ምሽት በኒው ጀርሲ ምግብ ቤት ተቀምጦ «ዩቲኤፍ 8» የተባለውን የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ነደፈ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዷ ፊደል በዚያ ሥርዓት ሦስት ባይት ይዛ ትጓዝ ጀመር። እንግዲህ ግሬፕ ዛሬ አማርኛም ይለቅማል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ግሬፕ ቅርጽ እንጂ ድምፅም ትርጉምም አያውቅም። «ፀሐይ» ብለን ብንፈልግ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈውን ሰው ያልፈዋል። [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብለን በቅንፍ መጻፍ አለብን፤ ይህች አንዲት ቃል ብቻ 12 አጻጻፍ አላት። ግሥማ ይብሳል። «ሰበረ» ብለን ብንፈልግ «ይሰብራል»፣ «ሰባራ»፣ «ስብራት» ይቀሩብናል። [ሰስ][በብባ][ረርራ] ብንል ሦስቱም ይያዛሉ፤ «ተሰባበረ» ግን አሁንም ያመልጣል። ወንፊቱ ሲሰፋ ደግሞ ባዕድ ይገባል፤ «ዓለም»ን በሁሉም አጻጻፍ ስንፈልግ «አለምክንያት» ዘው ትላለች።

ከሁሉ የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ግሬፕ ምንም ካላገኘ ምንም አይናገርም። ያንን ዝምታ «የለም» ብሎ መተርጎም የእኛ ጥፋት ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በብዕር ስም፣ ወይም ጭራሽ ያለ ስም የበተኗቸው ወረቀቶች አሉ። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ እነዚህን በኮምፒዩተር ጽፎ ባለቤታቸውን ልፈልግ ይል ይሆናል። በአማርኛ «በ» እና «ለ» ከቃል ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ እንደ «አፖን» ለብቻቸው አይቆጠሩም። አንዱ «ዳሩ ግን» ሲል ሌላው «ይሁን እንጂ» ማለቱ ግን ይቆጠራል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ቅንፍ ረስቶ፣ «ይህ ቃል በእገሌ ጽሑፍ የለም» ብሎ፣ የአንዱን ድካም ለሌላው ቢሰጥስ? ሟች ተነሥቶ አይከራከርም።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ቆጠራ ይዘን ስንቀርብ ቁጥሩን ብቻ አናቅርብ፤ የትኛውን አጻጻፍ እንደፈለግን፣ ቅንፋችንን ጭምር አብረን እንጻፍ፣ ሌላው ደግሞ እንዲያየው። ከተለቀመው ውስጥ ጥቂቱን፣ ካልተለቀመውም ጥቂቱን በዓይናችን እናንብብ። እናቶቻችንም ወንፊት እያላቸው ሰፌዱን ያልተዉት በከንቱ አይደለም።