ኢዝ ዜር ኤኒባዲ አውት ዜር? ዘ ዎል ላይቭ 1980–81

የእንግሊዙ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ባለ ሁለት ሲዲ የመድረክ አልበም ነው። ሙዚቃው የተቀዳው ባንዱ በኦገስት 1980 እና በጁን 1981 ለንደን ኧርልስ ኮርት አዳራሽ ባቀረባቸው የ«ዘ ዎል» (ግንቡ) ትርኢቶች ሲሆን፣ ፕሮዲውሰሩ ጄምስ ገትሪ ነው። ትርኢቱ ለዓይን የተሰናዳ ነበር። ባንዱ እየተጫወተ ሳለ የመድረክ ሠራተኞች ከካርቶን ጡብ 12 ሜትር ገደማ የሚደርስ ግንብ ያቆማሉ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃ ሙዚቀኞቹ ከታዳሚው ዕይታ ተሰውረዋል፤ በፍጻሜው ግንቡ ይናዳል። የካርቱኒስቱ ጄራልድ ስካርፍ የካርቱን ፊልም ግንቡ ላይ ይታያል፤ የባንዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር የ«ኮምፈርተብሊ ነምብ»ን የጊታር ሶሎ የሚጫወተው ከግንቡ አናት ላይ ቆሞ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ በሲዲ ሲቀርብ ለጆሮ ምን ይተርፋል?

የሚተርፈው ጥቂት አይደለም፤ ምክንያቱም መድረኩ ሙዚቃውን ራሱን ቀይሮታል። «ዘ ላስት ፊው ብሪክስ» የተባለው የመሣሪያ ቅንብር በ1979ኙ የ«ዘ ዎል» የስቱዲዮ አልበም ውስጥ የለም፤ የተፈጠረው ሠራተኞቹ የቀሩትን ጡቦች እስኪደረድሩ ጊዜውን እንዲሞላ ነው። ከስቱዲዮው አልበም የተቀነሰው «ዋት ሻል ዊ ዱ ናው?» እዚህ ቦታውን አግኝቷል። መክፈቻውንም የሚጫወተው ባንዱ ሳይሆን የባንዱን አባላት ፊት የሚመስል ጭንብል ያጠለቀ ሌላ ቡድን ነው፤ አዳማጩ ይህን ካላወቀ የሥራው ጠንሳሽ የሆነው የባንዱ አባል ሮጀር ዋተርስ ምጸት ግማሹ ያመልጠዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው አጨዋወቱ ከስቱዲዮው ቅጂ እምብዛም አይርቅም የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ከፊልምና ከግንባታ ጋር መናበብ ያለበት ሙዚቃ እንዳሻው ሊንሸራሸር አይችልም። ይሁንና ያ ጥብቅነት የሥራው ባሕርይ እንጂ የሙዚቀኞቹ ስንፍና አይደለም፤ ክፍተት በተገኘበት ሁሉ፣ በተለይ በጊልሞር ሶሎዎች፣ ነጻነቱ ይሰማል። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ ቅጂው ከተለያዩ ምሽቶች ተመርጦ የተጣመረ በመሆኑ የአንድ ምሽት ምስክር አይሆንም። ይህ ግን የሚያሳጣው የአንዷን ሌሊት ታሪክ እንጂ የትርኢቱን አወቃቀር አይደለም፤ የአልበሙም ዋጋ ያለው በአወቃቀሩ ላይ ነው። ያን አወቃቀር በአካል የማየት ዕድልም ጠባብ ነበር፤ ትርኢቱ ከወጪው ብዛት የተነሣ በአራት ቦታዎች ብቻ፣ በጠቅላላው 31 ጊዜ ነው የቀረበው። «ዘ ዎል»ን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው የስቱዲዮው ቅጂ ይቀድማል፤ ይህኛው ለሚያውቀው ነው።