የፕሮቲን ዱቄት እንዴት ይመረጣል?

የፕሮቲን ዱቄት ከምግብ ተለይቶ የወጣ ፕሮቲን እንጂ መድኃኒት አይደለም። ብቻውን ጡንቻ አያሳድግም፤ ክብደት ማንሳትና መሰል እንቅስቃሴ ያስፈልጋል።

ያስፈልግዎታል?

ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት አዘውትሮ የሚሠራ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ሊያስፈልገው ይችላል። ይህም 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 140 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮም ጥሩ ምንጮች ናቸው። ከምግብ በቂ ካገኙ ዱቄቱ የሚጨምርልዎ ጥቅም ትንሽ ነው።

ሲገዙ

• ከአጓት የሚሠራው (ዌይ) በፍጥነት ይፈጫል። ወተት ሆድዎን የሚነፋዎት ከሆነ ላክቶሱ የተቀነሰውን፣ አይሶሌት የሚባለውን ይምረጡ።
• የወተት አለርጂ ካለብዎ ወይም ከጾሙ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራውን ይውሰዱ።
• በአንድ ጊዜ መጠን ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ያለውን፣ ስኳር ያልበዛበትን ይፈልጉ።
• በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተመረመረ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ ምርቶች ውስጥ በመለያው ላይ ያልተጻፉ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል።

መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ

የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ብዙ ፕሮቲን ሊጎዳዎት ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ዕድሜዎ ከ18 ዓመት በታች ከሆነም ይጠይቁ። ሳያስቡት ከከሱ ወይም አቅም ካጡ ደግሞ ዱቄት ከመግዛትዎ በፊት ምክንያቱን ይመርመሩ።