ሳላዲን ሰይድ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮና አልጀርስ

ሳላዲን ሰይድ ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተነሥተው በውጭ ሀገር በፕሮፌሽናልነት ከተጫወቱ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አጥቂዎች አንዱ ነው።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ጎልቶ የወጣው ሳላዲን እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ አመራ። የክለቡ ባለቤት የቤልጂየሙ ሊርስም ባለቤት ስለነበሩ፣ በውሰት ተዛውሮ በአውሮፓ ለመጫወት በቃ። እ.ኤ.አ. በ2014 የካይሮውን አል አህሊ ተቀላቀለ፤ በኋላም ለአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር ተሰልፎ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ።

ለብሔራዊ ቡድን ያበረከተው ትልቁ ውለታ የጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ግቡ ነው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈችው ኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 ረታች። አዳነ ግርማ የመጀመሪያውን፣ ሳላዲን ሁለተኛውን ግብ አስቆጠሩ። ቡድኑም ከሜዳው ውጪ ባገባቸው ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመታት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ግን የሳላዲንን ፍፁም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው አዳነበት፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 ተጠናቀቀ።

የሳላዲን ጉዞ በእንጅባራና በዳንግላ ሜዳዎች ለሚጫወቱ ወጣቶች፣ የውጭው መንገድ ከሀገር ውስጥ ክለብ እንደሚጀምር ያሳያል።