መሰናክልና ማሰናከል

ጉርድ ሾላ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን መሥሪያ ቤት የሚገኝበት ሰፈር በመሆኑ፣ ስሙ ሲነሣ ሩጫም አብሮ ይታሰባል። ስለ ሩጫ ስንነጋገር ግን የምናስታውሰው አሸናፊውንና ሰዓቱን ነው፤ በመንገድ ላይ ስለ ተሰናከለው ሯጭ ሕጉ ምን እንደሚል እምብዛም አንጠይቅም።

መሰናክልና ማሰናከል ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ሕጉ ግን አጥብቆ ይለያቸዋል። በ3000 ሜትር መሰናክል ሩጫ 28 ጊዜ አግዳሚውን፣ 7 ጊዜም ውሃውን መሻገር የሁሉም ግዴታ ነው። አንዱ ሯጭ ሌላውን ቢገፋ ወይም መንገዱን ቢዘጋ ግን ጉዳቱ በአንዱ ላይ ብቻ ስለሚወድቅ ዳኛ ያስፈልገዋል።

ለዚህ የ1985 ዓ.ም. ታሪክ ምስክር ነው። በመስከረም ወር በሴኡል በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና፣ በ10000 ሜትር ሩጫ፣ ኬንያዊው ጆሴፋት ማቹካ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን በቡጢ ስለ መታው ከውድድሩ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና፣ ኃይሌ የኬንያዊውን የሞሰስ ታኑይን ተረከዝ ረግጦ ጫማውን አስወለቀው። ታኑይ በአንድ ጫማ እስከ መጨረሻው ታግሎ በግማሽ ሰከንድ ያህል ተቀደመ፤ ተመልካቹ ቢያጉረመርምም የኃይሌ ድል ጸና። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ተበዳይም አሰናካይም ከእኛው ወገን ሆነ።

ነሐሴ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በሪዮ ዴ ዣኔሮ ኦሊምፒክ፣ በሴቶች 3000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ፣ ከፊት የነበረች ሯጭ ስትወድቅ እቴነሽ ዲሮ ግጭት ደረሰባት፤ የቀኝ እግሯም ጫማ ተበላሸ። ጫማውንና ካልሲውን አውልቃ ጣለች፤ በአንድ ባዶ እግር እየዘለለች ሰባተኛ ሆና ፈጸመች። በውጤቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላለፈች ነበር። ነገር ግን አቤቱታ ቀርቦ፣ እርሷና በዚያው ግጭት የተጎዱት የአየርላንድና የጃማይካ ሯጮች ለፍጻሜው ተጨመሩ፤ 15 ሊሮጡ የነበሩትም 18 ሆኑ።

ከዚህ የምንረዳው ሕጉ ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ እንደሚጠይቅ ነው፤ ይኸውም «ያጠፋው ማን ነው?» እና «የተጎዳው ማን ነው?» የሚሉት ናቸው። አጥፊ ቢገኝ ይሰረዛል። ማሰናከሉ ሳይታሰብ የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ክፉኛ ለተጎዳው ሯጭ ዳኛው ውድድሩ እንዲደገም ወይም ሯጩ ወደሚቀጥለው ዙር እንዲያልፍ ሊፈቅድ ይችላል። በፍጻሜ ላይ ግን ቀጣይ ዙር የለምና፣ በማጣሪያ የተሰናከለ የሚያገኘውን ካሳ በፍጻሜ የተሰናከለ በቀላሉ አያገኘውም።

እቴነሽ በፍጻሜው 15ኛ ወጣች። ሕጉ የመለሰላት ዕድሏን እንጂ ድልን አልነበረም፤ ከሕግም የሚጠበቀው ይኸው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ የምንቀበል ሁሉ፣ ጥፋተኛ አልተገኘም ብለን የተጎዳውን ሰው ወረቀት ከመዝጋታችን በፊት፣ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል።