ተጠራጣሪን የሚጠራጠር አድማጭ

አድማጭ ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን የተሰጠውን ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው ነው። ሬዲዮው ይናገራል፣ አድማጩ ይሰማል። ደስ ካላለው ጣቢያ ይቀይራል፤ ከባሰበትም ያጠፋዋል። የቀረው በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ "ትናንት የተባለውን ሰማችሁ?" ተባብሎ መለያየት ነው። ተናጋሪው ምን እንደተባለበት አያውቅም። ቢያውቅስ ምን ቸገረው! ማይክሮፎኑ ያለው በእርሱ እጅ ነው።

ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ይህን ልማድ የገለበጡ አድማጮችን ታሪክ ነው። ታሪኩ በአሜሪካ ይጀምር እንጂ ሥሩ ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን ይወርዳል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

"ፖድካስት" የሚለው ቃል ገና ልጅ ነው። በየካቲት 2004 ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ "ጋርዲያን" ላይ ሲጽፍ፣ ያኔ ብቅ ማለት ለጀመረው አዲስ የድምፅ ሥርጭት ከሰነዘራቸው ስሞች አንዱ ነበር። በሰኔ 2005 አፕል ኩባንያ ፖድካስትን አይቲዩንስ ውስጥ ሲያስገባው ነገሩ የብዙ ሰው ሆነ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2005፣ በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት የሚኖሩ ጥቂት ጓደኛሞች "ዘ ስኬፕቲክስ ጋይድ ቱ ዘ ዩኒቨርስ" የተባለ ዝግጅት ጀመሩ። በአማርኛ "የተጠራጣሪዎች መመሪያ" ልንለው እንችላለን። ዋናው አዘጋጅ ስቲቨን ኖቬላ የዬል ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብረውት የነበሩት ወንድሞቹ ቦብና ጄይ፣ ጓደኞቹ ፔሪ ዲአንጀሊስና ኢቫን በርንስታይን፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ርብቃ ዋትሰን ናቸው። ዲአንጀሊስ በ2007 አረፈ። ዝግጅቱ ግን አልቆመም፤ በየሳምንቱ እየወጣ በ2024 ከ1000ኛው ደረሰ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ቋንቋ "ተጠራጣሪ" መባል ሙገሳ አይደለም። ትዝ የሚለን ሚስቱን የሚከታተል፣ ወይም ጎረቤት ያቀረበለትን ቡና "ምን ገብቶበት ይሆን" ብሎ የሚገፋ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ቃሉን ሲጠቀሙ፣ ማስረጃ እስኪቀርብለት ድረስ ፍርዱን የሚያቆይ ሰው ማለታቸው ነው። በድሮው ሙግታችን ባለጉዳይ ባላጋራውን "ተጠየቅ!" ብሎ ሲያቆመው የነበረውን መንፈስ ብናስብ የበለጠ እንቀርባቸዋለን። ተጠየቅ የሚባል ሰው ይመልሳል፤ የጠየቀውም በተራው ይጠየቃል።

የዝግጅቱ ይዘት ብዙ ነው። በአንድ ሳምንት ስለ አዲስ ፕላኔት ይወራል፤ በሌላው ስለ መናፍስት አዳኞች፣ ስለ በራሪ ዲስኮች፣ ካንሰር ያድናል ስለተባለ ቅጠል። "ሳይንስ ወይስ ፈጠራ" የሚባል ክፍል አላቸው። ኖቬላ ሦስት ያህል ዜናዎች ያቀርባል፤ ከመካከላቸው አንዱ የውሸት ነው። ባልደረቦቹ የትኛው እንደሆነ ይገምታሉ፤ አድማጩም በየቤቱ አብሮ ይገምታል። የሚገርመው ታዲያ በሙያው ሐኪም የሆነውም፣ ሳይንስ ሲያነብ የኖረውም በተደጋጋሚ መሳሳቱ ነው። አድማጩ በዚህ ጨዋታ የሚማረው፣ "ይመስለኛል" ማለትና ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ዝግጅቱ ከተላለፈ በኋላ ደግሞ የአድማጩ ተራ ይመጣል። ደብዳቤ ይጎርፋል። "ያላችሁት ቁጥር ልክ አይደለም"፣ "ይህ የእኔ ሙያ ነው፣ ነገሩ እንዲህ ነው"። እርማቱም በዝግጅቱ ላይ ይነበባል፤ አዘጋጆቹ ይቀበላሉ ወይም ይከራከራሉ። ከአድማጮቹ መካከል ዝግጅቱን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ የገለበጡም በጎ ፈቃደኞች አሉ። የተናገርከው ሁሉ ተጽፎ ሲቀመጥ "እንዲህ አላልኩም" ማለት አይቻልማ!

ይህ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1784 ፓሪስ ውስጥ ፍራንዝ መስመር የሚባል ሐኪም "የእንስሳ መግነጢስ" በሚለው በማይታይ ኃይል በሽታ እፈውሳለሁ እያለ ከተማውን አሳብዶት ነበር። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ከአባላቱ መካከል የኬሚስትሪው ላቮዚዬና በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይገኙበታል። ፍተሻውን ያካሄዱት በዴስሎን፣ በመስመር ተከታይ ላይ ነው። በፍራንክሊን ግቢ አንድ ዛፍ ኃይሉ እንዲያድርበት ተደረገ። ከዚያ ኃይሉ በደንብ ይሰማዋል የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ ታስሮ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተወሰደ። ልጁ አራተኛው ዛፍ ሥር ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ኃይል ያደረበት ዛፍ ግን ሌላ ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን ያከናወነው የሰው ሐሳብ እንጂ መግነጢስ አይደለም ሲል ፈረደ። "ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል" ይባላል፤ እነርሱ ግን ልብ በትክክል ይፈርድ ዘንድ ዓይንን አሰሩት። ዛሬ መድኃኒት ሲሞከር ሕመምተኛው የትኛውን እንደወሰደ እንዳያውቅ የሚደረገው በዚሁ ጥበብ ነው።

ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1853፣ ተራው የለንደን ሆነ። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው እጃቸውን ሲያሳርፉበት ጠረጴዛው ይዞራል፤ መንፈስ ነው የሚያዞረው ይባል ጀመር። ስለ ኤሌክትሪክ የምናውቀውን ብዙ ነገር ያወረሰን ማይክል ፋራዴይ ጉዳዩን መረመረ። ካርቶኖችን በለስላሳ ማጣበቂያ አነባብሮ ጠረጴዛው ላይ አደረገና ሰዎቹ እጃቸውን ከላይ እንዲያሳርፉ ጠየቀ። የሚጎትተው ጠረጴዛው ከሆነ የታችኛው ካርቶን መቅደም አለበት፤ የሚገፋው እጅ ከሆነ የላይኛው። የቀደመው የላይኛው ነበር። ቀጥሎ የእጃቸውን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ዘንግ ሠርቶ ፊታቸው አቆመላቸው። ዘንጉን እያዩ ሲቀመጡ ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

ፋራዴይ ሰዎቹን አጭበርባሪዎች አላላቸውም። ሳያውቁት ነው የሚገፉት አለ። ውጤቱን "ታይምስ" ጋዜጣ ላይ አወጣ። በ1854 ደግሞ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ አእምሮ ትምህርት ንግግር አድርጎ፣ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቅ የሚገባው ራሱን በራሱ ከማታለል መሆኑን አስረዳ። የምፈልገውን ነገር ማመን ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ መፈተሽ ያለበት የምፈልገው ነገር ነው። የመላው ታሪክ ቁልፍ ይሄ ይመስለኛል።

ምክሩን ለመፈጸም ግን የተጠራጣሪዎቹ ጎራ ራሱ ሲቸገር ታይቷል። በ1976 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ፖል ኩርትዝ የተባለ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ከተአምር በላይ ነን የሚሉ አባባሎችን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ካርል ሴገን፣ አይዛክ አሲሞቭና አስማተኛው ጄምስ ራንዲ ተሰባሰቡ። ብዙም ሳይቆይ ከመሥራቾቹ አንዱ፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ ምሁሩ ማርቼሎ ትሩዚ፣ ኮሚቴውን ጥሎ ወጣ። ቅሬታው ቀላል ነበር፦ ሳትመረምሩ "ሐሰት ነው" የምትሉ ከሆነ እናንተም አማኞች ናችሁ፤ የምታምኑት "የለም" የሚለውን ነው።

ራንዲን እንውሰድ። ማንኪያ በሐሳብ አጥፋለሁ የሚሉትን ሲያጋልጥ የኖረ፣ ለተከታዮቹ እንደ አባት የሚታይ ሰው ነው። በታኅሣሥ 2009 ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሲጽፍ፣ የሳይንቲስቶችን ስምምነት በጥርጣሬ የሚያይ ሐሳብ አስፍሮ ተገኘ። እንግዲህ ደጋፊ ቢሆን ኖሮ ዝም ይላል፤ ወይም "ጋሼ ያሉት ልክ ነው" ይላል። እነዚያ ተከታዮች ግን ተነሱበት፤ መረጃ እየጠቀሱ ሞገቱት። በቀናት ውስጥ ራንዲ፣ የሙቀቱን መጨመር አልካድኩም የሚል ማብራሪያ ለማውጣት ተገደደ። ዝናው አላዳነውም። አንድ መምህር ትምህርቱ በትክክል መግባቱን የሚያውቀው ተማሪው መልሶ ሲያርመው አይደል?

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሚያዝያ 2008 የሳይንስ ጸሐፊው ሳይመን ሲንግ በ"ጋርዲያን" ላይ ትችት ጻፈ። የጀርባ አጥንትን በእጅ በማስተካከል የሚያክሙት የካይሮፕራክተሮች የብሪታንያ ማኅበር፣ የሕፃናትን የሆድ ቁርጠትና አስም የመሳሰሉትን እናክማለን ማለቱን የሚደግፍ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ማኅበሩ ጋዜጣውን ትቶ ጸሐፊውን በግሉ በስም ማጥፋት ከሰሰው። የእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ ለተከሳሽ እጅግ ውድ ስለነበር ብዙ ሰው እውነት ይዞም ይቅርታ ጠይቆ ይገላገል ነበር። በግንቦት 2009 የመጀመሪያው ውሳኔ ሲንግን ሲጎዳ፣ ደጋፊዎቹ በለንደን አንድ መጠጥ ቤት ተሰበሰቡ። ቦታው አለምክንያት አልተመረጠም፤ ከ1999 ጀምሮ በዚያች ከተማ ተጠራጣሪዎች በመጠጥ ቤት እየተገናኙ ንግግር የሚሰሙበትና ተናጋሪውን በጥያቄ የሚያፋጥጡበት ልማድ ነበራቸው። ፖድካስት አድማጩ፣ ጦማሪው፣ ሐኪሙ፣ ተማሪው የማኅበሩን ማስረጃ አንድ በአንድ መረመሩ። በመቶዎች በሚቆጠሩ ካይሮፕራክተሮች ማስታወቂያ ላይም ለተቆጣጣሪው አካል አቤቱታ አስገቡ። በሚያዝያ 2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሲንግ ወሰነ፤ ማኅበሩም ክሱን አነሳ። በ2013 የወጣው አዲሱ የስም ማጥፋት ሕግ ለሳይንሳዊ ክርክር ጥበቃ ሰጠ። ሻይ ቤት የሚቀር ወሬ አልነበረም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን እዚህ ላይ ብቆርጠው ሐቀኛ አልሆንም። በ2011 ርብቃ ዋትሰን ከደብሊን ስብሰባ ተመልሳ አንድ ነገር ተናገረች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ብቻዋን አሳንሰር ውስጥ ሳለች አንድ የማታውቀው ሰው ክፍሉ ድረስ መጥታ ቡና እንድትጠጣ እንደጠየቃት፣ ይህም እንዳስጨነቃት ገልጻ፣ "ወንዶች፣ እንዲህ አታድርጉ" የሚል ምክር ጣል አደረገች። በቃ፣ ይኸው ነበር። የተከተለው ግን የስድብና የዛቻ ዶፍ ነው፤ ለዓመታትም አላባራም። ዝነኛው የባዮሎጂ ምሁር ሪቻርድ ዶኪንስ እንኳ ቅሬታዋን በማላገጥ ጻፈባት። የመናፍስት ወሬ ሲሰሙ "ማስረጃው የታል?" ብለው በእርጋታ የሚጠይቁ ሰዎች፣ አንዲት ሴት የደረሰባትን ስትናገር እርጋታው ከየት ይምጣ? በዓይናቸው ያለውን ምሰሶ ሳያዩ የሰውን ጉድፍ ማየት ማለት ይኼ ነው። ጎራው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ዋትሰንም በ2014 መጨረሻ ከዝግጅቱ ወጣች። ፋራዴይ ያቆመው ዘንግ ያስፈልግ የነበረው ያኔ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ለእኛ ምን ይተርፈናል? ዛሬ ጥርጣሬ ርካሽ ሆኗል። "እኔ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት" የማይል የለም። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ "ላንሴት" መጽሔት ላይ አሳተመ። እርሱም ጠየቅኩ ባይ ነበር። በብዙ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነቱን ሳያገኙት ቀሩ፤ የጽሑፉ አሠራር ተመርምሮ በ2010 መጽሔቱ ሰረዘው፤ ሰውየውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። በክትባት ላይ የተዘራው ፍርሃት ግን አብሮ አልተሰረዘም። የተጎዳው ልጅ ነው፤ ኩፍኝ ክርክር አያውቅም።

ልዩነቱ የሚታየው መልሱ ሲመጣ ነው። የእውነተኛ ጠያቂ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ይዘጋል፤ ሐሳቡንም ያስቀይረዋል። ሌላኛው መልስ በተሰጠው ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይፈለፍላል፤ ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና። የትኛው እንደሆንን ደግሞ ለብቻችን ተቀምጠን ማወቅ ይቸግረናል፤ ጠረጴዛውን የሚገፉት ሰዎች እጃቸው መግፋቱን አላወቁም ነበር። የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ አድማጮቹን የማከብራቸው። ራንዲን ያረሙት እነርሱ ናቸው፤ ሲንግን ያልተዉት እነርሱ ናቸው፤ ዋትሰን ላይ የዘነበውን ያዘነቡትም ከመካከላቸው የወጡ ናቸው። "ልክ አይደለህም" የሚለን ሰው አጠገባችን ከሌለ፣ የቱንም ያህል ብንጠራጠር ጥርጣሬያችን ሌላ ዓይነት እምነት ሆኖ ያርፈዋል።