ከመቃብር በላይ የዋለ ስም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል እየሰማሁ ሳድግ፣ ስም የባለቤቱ እንደሆነ አምን ነበር። የአንድ እንግሊዛዊ የኮምፒውተር ጨዋታ አሳታሚ ታሪክ ግን ይህን እምነቴን አናወጠው።

ኢማጅን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በሊቨርፑል ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ገበያ ላይ ለዋለው ዜድ ኤክስ ስፔክትረምና ለመሰል የቤት ኮምፒውተሮች፣ እንደ ዘፈን በካሴት የሚሸጡ ጨዋታዎችን ያሳትም ነበር። ገንዘቡ ቶሎ መጣ፤ ቶሎም ባከነ። «ባንደርስናች» የተሰኘውን ታላቅ ጨዋታ ሳይጨርስ በማስታወቂያ አስነገረለት፤ ጨዋታው ግን በዚያ ስም ለገበያ አልበቃም። በ1984 የቢቢሲ ባለካሜራዎች ሥራውን ሲቀርጹ ዕዳው ደረሰና ውድቀቱ በፊልም ቀረ።

ስሙን የማንቸስተሩ ኦሽን ገዛው። በ1987 «አርካኖይድ» ለስፔክትረም ሲወጣ ያሳታሚው ስም ኢማጅን ይል ነበር። ካሴቱን የገዛ ልጅ፣ ቤቱ ከፈረሰ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ከየት ያውቃል?

አንባቢ ሆይ፣ ስሙስ ከመቃብር በላይ ዋለ፤ የዋለው ግን ለገዢው ነው። ከፈረሰው ቤት የወጡ ሰዎች በዚያው በ1984፣ በዚያችው ሊቨርፑል፣ ሳይግኖሲስ የተባለ ሌላ አሳታሚ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ሳነብ፣ አርማውን ትቼ ሰዎቹ ወዴት እንደሄዱ እጠይቃለሁ።